ከፍታ ሦስተኛው ቁጥር ነው

ሰኞ፤ ለፈተናው 38 ቀን

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ማስታወሻ ነበር። ለስብሰባው ግን ጸሐፊዋ አለች፤ አንዲት ቃል አታመልጣትም። ስለዚህ የብሶት መያዣ ይሁንልኝ። ባለቤቴ ስለ ሥራዬ ሲሰማ ዐሥር ዓመት ሆነው፤ እሱም ሰው ነው፣ ይሰለቻል።

ዛሬ ቀኑ ተቆረጠ። ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች የኛን የፕሮቶኮል ረቂቅ (ዓለም ከዓለም የሚገናኝበትን ደንብ) ብቻ እያነበቡ በኮምፒውተር ሁለት ምናባዊ ዓለሞች ሠርተዋል። በፈተናው ቀን አሥራ አንድ ሰው ከአንደኛው ዓለም ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ አምሳያውን (እዚያ ውስጥ እሱን የሚወክለውን ምስል)፣ ልብሱን፣ በእጁ የያዘውን ሁሉ ይዞ። ከሠራ ደረጃ አውጪው ማኅበር ረቂቁን ያጸድቀዋል፤ ፕሮቶኮሉ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ የሚጠቀምበት የሁሉም ነገር ይሆናል። ካልሠራ ትልቁ ኩባንያ የራሱን ዝግ ዓለም አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። እዚያ ከገባህ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። የዘጉ ቀን ቤትህም ወዳጅህም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ጋሼ ሥራውን የጀመረው በዚሁ የተነሳ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እየተገናኙ የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነበር (ድምፁ እንኳ ለጆሮ አይመከርም)። ባለቤቶቹ የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ዘጉት። «ሰው ከዓለም ወደ ዓለም በእግሩ መሄድ አለበት፣ ዘበኛ ሳያስፈቅድ» አለ ያን ቀን። ይኸው ዐሥር ዓመቱ። እሱ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እኔ የረቂቁ አዘጋጅ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ ነው፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው። ሰው «የወንድምና የእህት ፕሮቶኮል» እያለ ያማናል። ይበሉ፣ አፋቸው ነው።

ገና ሳይጀመር ደክሞኛል።

ረቡዕ፤ 36 ቀን

ጋሼ ዛሬ ስብሰባ ላይ ሎጋውን «እንኳን ደህና መጣህ፤ አዲስ ነህ መሰለኝ» አለው። ሎጋው የአንደኛው ቡድን መሪ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እዚያችው ወንበር ላይ እግሩን እንደ ምንም አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አዎ ጋሼ፣ መንገዱን ዛሬ ገና አገኘሁት» አለ እሱም። ጋሼ ድሮም ቀልደኛ ነው።

ጸሐፊዋ ብቻ አልሳቀችም። እሷ ደግሞ መቼ ስቃ ታውቃለች!

እሑድ፤ 32 ቀን

እነ ጋሼ ቤት ምሳ በላን። የጋሼ ባለቤት እትዬ ከስታለች። ወጥ ቤታቸው ውስጥ መሳቢያው ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማንኪያ። ክብሪት። መድኃኒት። የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ካርታ ላይ እንደሚጻፈው ቀጥ ያለ። ኮምፒውተር ከመማሩ በፊት ቀያሽ ነበር፤ ወጣትነቱን ያሳለፈው ጋራና ሸለቆ ሲለካ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ወረቀት?» አልኳት።

«ሥርዓት ይወዳል እኮ፤ አታውቂውም እንዴ?» አለች፣ ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ። እውነቷን ነው፣ ሥርዓት ይወዳል።

ስንመለስ ባለቤቴ «ወንድምሽ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በዚህ ሳምንት ሁለቴ ደወለልኝ» አለኝ። ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ሄደህ አታይለትም ታዲያ?»

«አይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ራሴ የቀየርኩት ነው፤ ጠብ አይልም። ይህንኑ ነግሬው ነበር።»

የነሱ ቤት ቧንቧ ድሮም ያስቸግራል አልኩት። ሬዲዮውን ከፈተ።

ማክሰኞ፤ 30 ቀን

ሎጋው አሥራ ሰባት ጥያቄ ላከ። አሥራ ሰባት! ዘጠኙን መለስኩ። ምሳ አልበላሁም። አንገቴ ደርቋል።

ዓርብ፤ 27 ቀን

ገና ሳይነጋ ከጋሼ መልእክት መጣ። «እታለም፣ ክፍል ዘጠኝ ተሳስቷል። ከፍታ ሦስተኛው ቁጥር ነው። አርሚው።»

ነገሩ ለውጭ ሰው ያስቃል። አንድ አምሳያ የት እንደቆመ የሚነገረው በሦስት ቁጥሮች ነው። ሁለቱ መሬቱ ላይ የት ጋ እንዳለ ይናገራሉ፣ አንዱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ። ከፍታው ሁለተኛው ቁጥር ይሁን ወይስ ሦስተኛው? ለዚህች ለዚህች ሰባት ወር ተጣልተናል። እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ባለቤቴ ያኔ «እኛ ጋ ግማሽ ኢንች ግማሽ ኢንች ነው፤ ለግማሽ ኢንች ስብሰባ የተቀመጠ ሰው አላየሁም» ብሎ ሲስቅብኝ «አንተ ሳትወለድ ተቀምጠውበታል» አልኩት። በመጨረሻ ሁለተኛው ይሁን ተባለ፣ በረቂቁ ክፍል ሁለት ላይ ተጻፈ፣ ጋሼም ጠረጴዛውን በእጁ መታ አድርጎ «ተዘጋ» አለ። እሱ ተዘጋ ያለው ጥያቄ ያለ አዲስ ማስረጃ አይከፈትም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ ሦስተኛው ነው ይለኛል።

ክፍል ዘጠኝ ስለ መሻገር ነው፤ ሰው ከአንዱ ዓለም ሲወጣና ወደ ሌላው ሲገባ። ምናልባት እዚያ ላይ እኔ ያላየሁት ነገር ይኖራል። ጋሼ ያለ ምክንያት አይናገርም። ደውዬ «ክፍል ሁለትሳ?» ልለው ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው ምን ብዬ ነው የምፈትነው?

አስገባሁት። «የአጻጻፍ እርማት» ብዬ። የአጻጻፍ እርማት ማለት ነጠላ ሰረዝ፣ የፊደል ግድፈት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ አዘጋጇ ብቻዋን ታስገባዋለች፣ ድምፅ አይሰጥበትም። ሰኞ ስንገናኝ ጋሼን እጠይቀዋለሁ።

ማክሰኞ፤ 23 ቀን

ጋሼን አልጠየቅኩትም። ትናንት ሰው በዝቶ ነበር።

ሎጋው ደረጃው ላይ ይዞኝ «ክፍል ዘጠኝ ተቀይሯል እንዴ?» አለኝ። «በጽሑፉ ሂድ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ለአራት ሰዓት ስብሰባ ዘግይቼ ነበር።

ቅዳሜ፤ 19 ቀን

ቅዳሜም ቢሮ ነን። የፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ወረቀት ሳስተካክል ከበሩ ወዲያ ሎጋውና ከቡድኑ ልጆች አንዱ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሽማግሌው አንድ ነገር ሦስቴ ይነግረኛል፤ ሦስቱንም እንደ አዲስ።» ሌላው «እህቱ አታይም?» አለ። ሎጋው «ታያለች» አለ።

ቆሽቴ አረረ። ምንድን ነው የማየው? ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሠርቷል፤ ደክሞታል። እኔ በአርባ አምስቴ መነጽሬን ራሴ ላይ አድርጌ ስፈልገው የምውል ሰው ነኝ። ወረቀቱን ይዤ በፊታቸው አለፍኩ፣ ሰላምም አላልኳቸው። በኋላ አፈርኩ። ሎጋው ክፉ ሰው አይደለም።

ሐሙስ፤ 14 ቀን

ዛሬ ከጋሼ ሦስት እርማት። ሁለቱ ዓምና የገቡ ናቸው፤ «ገብቷል ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ መለስኩ። ሦስተኛው ስለ ድምፅ ርቀት ነው፤ ብዙም አይጎዳም፣ አስገባሁት።

ክፍል ዘጠኝን መጠየቅ አለብኝ። እሑድ።

ሰኞ፤ 10 ቀን

እሑድ እንግዳ ነበራቸው። በሰው ፊት አይሆንም።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ከመንገድ ደወለ። «እታለም፣ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?» ሮጬ ወረድኩ። አሳንሰሩ ተበላሽቷል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ እሱ ነው ግራ ያጋባው። ደረጃውን አብረን ወጣን፣ እጄን እንደያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ «አንቺ ልጅ፣ ሁሉንም ነገር ታጣሪዋለሽ አይደል?» አለኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩት። ፈገግ አለ።

እሑድ፤ 4 ቀን

ከሰኞ ወዲህ በደንብ አልተኛሁም። ባለቤቴ ለብቻሽ ታወሪያለሽ ይለኛል። ምን እንደምል ብጠይቀው «ቁጥር ትቆጥሪያለሽ» አለ።

ሐሙስ፤ ፈተናው

ወይኔ።

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች ከፊት፣ የትልቁ ኩባንያ ሰው ከኋላ። ትልቁ ስክሪን ላይ ሁለቱ ዓለሞች ጎን ለጎን ይታያሉ። መጀመሪያ ስድስት ሰዎች ከሌላኛው ቡድን ዓለም ወደ ሎጋው ዓለም ተሻገሩ። ደረሱ። ግን አየር ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው። አንዷ ጃንጥላ ይዛ ነበር፤ ከነጃንጥላዋ ጋደም ብላለች። አምስቱ ተከተሉ። እነሱም እንደዚያው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሼም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ከሁሉም ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያኛው ቡድን በክፍል ሁለት ሄዷል፤ ሎጋው በክፍል ዘጠኝ። አንዱ ከፍታ ብሎ የላከውን ሌላው ርቀት ብሎ ተቀበለው። ቁመቱም ከፍታውም ሁሉ ዞረ። የኩባንያው ሰው አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ።

ሳቁ ሲበርድ የማኅበሩ ተወካይ የለውጥ መዝገቡ ይነበብ አለ። ጸሐፊዋ አነበበች። «ክፍል ዘጠኝ። የአጻጻፍ እርማት። ያስገባችው፣ አዘጋጇ።» እያነበበች ቀና ብላ አላየችኝም።

ጋሼ ተነሳ። እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «የተዘጋ ጥያቄ ማን ነው የከፈተው?» አለ። «አንቺ? ከሰው ሁሉ አንቺ? ሰባት ወር የተጣላንበትን ነገር ነጠላ ሰረዝ ብለሽ በጓሮ በር ታስገቢዋለሽ?»

መልእክቱ ስልኬ ውስጥ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፊቱን አየሁት። እያስመሰለ አልነበረም፤ ያን መልእክት እንደላከልኝ አያውቅም። ከነጭራሹ አያውቅም።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ማኅበሩ የአሥራ አራት ቀን ዕድል ሰጠን፣ የመጨረሻ። ካልሆነ ኮሚቴው ይበተናል። አዘጋጅ ይቀየር የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ ማክሰኞ ይወሰናል። ሐሳቡን ያቀረበው ጋሼ ነው።

ዓርብ

ከአልጋ አልተነሳሁም። ጸሐፊዋ ደወለች። በዐሥር ዓመት ውስጥ ቤት ስትደውልልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሱ ነው አይደል?» አለች።

«ማን?»

«ኧረ ተይ። እኔ ቃለ ጉባኤ የምይዝ ሰው ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አንዱን ገጽ ደጋግሜ የገለበጥኩ ይመስለኛል።»

«ደክሞት ነው» አልኳት።

«የደከመውስ አንቺን ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም ካልሽ ማክሰኞ አንቺ ትወጫለሽ፣ እሱ ብቻውን ይቀራል። የሚመጣው አዘጋጅ ወይ የላከለትን ሁሉ ያስገባል፣ ወይ በሰው ፊት ያዋርደዋል። ምረጪ።»

ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምንም አይደል» አለች። አታለቅስም እሷ፤ ግን አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

እሑድ

ሄድኩ። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ጠበቀኝ፤ አብሬ ልግባ ሲል እምቢ አልኩት።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ኮስተር ብሎ ነው የተቀበለኝ፤ የሐሙሱን አልረሳም። ስልኬን አወጣሁና ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቀኑን በጣቱ ነካው።

«ይህን እኔ ነኝ የላክሁት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሐሙስ ዕለት ይህ ኪስሽ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«እንደዚያ ስሰድብሽ?»

ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሮ «እስቲ ያንን ወረቀት አምጪላት» አለ። እትዬ መሳቢያውን ከፍታ አመጣችው፣ እያለቀሰች። የሐኪም ደብዳቤ ነው። ከተጻፈ ስምንት ወር ሆኖታል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሚገርመው አንድም መስመር አላስደነገጠኝም። ሁሉንም አውቀው ነበር።

«እንዳትነግሪያት ያልኳት እኔ ነኝ፣ እንዳትቀየሚያት» አለ። «ሐኪሙ ስትሳሳት ደፍሮ የሚነግርህ አንድ ሰው ይኑርህ አለኝ። አንቺን መረጥኩ። ሳልነግርሽ። እምቢ ባይ ነሻ! ተኚ እምቢ፣ ብዪ እምቢ፣ ጫማ አድርጊ እምቢ፤ አንቺን ያሳደግኩት በልምምጥ ነው። ብሳሳት ትነግረኛለች አልኩ። ለሌላ ለማንም እርማት መላክ አቆምኩ፤ ላንቺ ብቻ።»

መነጽሩን አወለቀ።

«አርባ አንድ ላክሁልሽ፤ እዚህ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ጭረት አደርጋለሁ። አንዱንም አይሆንም አላልሽኝም። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አሰብኩ። እትዬን እንኳ ‹ይኸው፣ ሐኪሙ ተሳስቷል› እያልኩ አስቃት ነበር።»

አክብሬው መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው፤ አይሆንም ያልኩት ቀን ጋሼ ጋሼነቱ የሚያበቃ መስሎኝ ፈርቼ ነው። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሱ ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገ «በይ በይ፣ ሱሪዬን አራስሽው» ይለኛል። ይህን ሰው ምን ላድርገው?

መኪናው ጋ ስመለስ ባለቤቴ ምንም ሳይጠይቀኝ የመቀመጫ ቀበቶዬን አሰረልኝ። እሱም ያውቅ ነበር፣ ለካ።

ማክሰኞ

ስብሰባው አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ጋሼ ከወረቀት አነበበ፤ እትዬ በትልልቅ ፊደል የጻፈችለት ነው።

«ክፍል ዘጠኝን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ። የማስታወስ ሕመም አለብኝ፤ እህቴ ሸፈነችልኝ፣ ልክ አልነበረም፣ ልቧ ግን ቅን ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልሰበስብም፣ ድምፅም አልሰጥም። ሐሳብ ግን እልካለሁ። እሷ ታጣራዋለች፤ የማይሆነውን አይሆንም ትለኛለች።»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ «እንዴት ልጻፈው?» አለች።

«እንዳልኩት ጻፊው፤ አታሳምሪው።»

ሎጋው ከወንበሩ ተነሳ። ያ ሁሉ ቁመቱ። ጋሼ አጠገብ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ጋሼ «አንተ ረጅሙ፣ ስምህ ጠፍቶኛል፣ ግን ጎበዝ መሆንህን አውቃለሁ» አለው። ማንም አልሳቀም፤ ከዚያ ሎጋው ራሱ ሳቀ፣ ሁላችንም ሳቅን።

አዘጋጅነቴን አጸደቁት፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ከእንግዲህ ነጠላ ሰረዝም ቢሆን ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይገባም። እሰየው።

ሐሙስ፤ ሁለተኛው ፈተና

አሥራ አንዱም ቆመው ደረሱ። ባለጃንጥላዋም። ጋሼ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ተሻገረ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እየመራሁት። «ደረስን?» አለ። ደርሰናል አልኩት። ማኅበሩ አጽድቋል። የኩባንያው ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ እጃችንን ጨበጠ፣ ፊቱ እንደ ደረቅ ሳሙና።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም መሰለኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተኛሁ።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከጋሼ መልእክት። «እታለም፣ ክፍል አራት ላይ አሰብኩ። ሰው ሲሻገር ስሙን መጠየቅ አያስፈልግም። ይግባ፣ ማን እንደሆነ በኋላ ይታወቃል። አስገቢው።»

ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ሐሳቡ ያምራል። ልብን ይነካል። ግን ስሙን ያልተናገረ ሰው የሌላውን ሰው አምሳያ ለብሶ ይገባል፤ በዚህ ላይ ተከራክረን፣ ማስረጃ አይተን፣ ዘግተነዋል። ሦስቴ ጽፌ አጠፋሁት፤ መጀመሪያ «ጥሩ ሐሳብ ነው ግን» ብዬ፣ ቀጥሎ «እናየዋለን» ብዬ። በመጨረሻ እንዲህ ላክሁለት፤ «አይሆንም ጋሼ። ዘግተነዋል።»

ወዲያው መለሰ። «ጎሽ የኔ እህት።»

ስልኩን አስቀምጬ ፊቴን ታጠብኩ። ውሃ ጣድኩ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፣ ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «እታለም፣ ክፍል አራት ላይ አሰብኩ። ሰው ሲሻገር ስሙን መጠየቅ አያስፈልግም።»

እጄን በፎጣ አድርቄ ተቀመጥኩ፣ ደግሜም አይሆንም ጋሼ ብዬ ጻፍኩለት።